ድምፄ ከተዘጋ ወር አለፈው፤ ምን ላድርግ?

መምህርቷ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ትናንሽ ልጆችን አስተምራለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ድምፄ ግን አልተመለሰም። ይኸው ወር አለፈው። ጠዋት ትንሽ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ እየሻከረ ይሄድና ማታ ጭራሽ ይዘጋል። ጉሮሮዬ ላይ የተጣበቀ ነገር ያለ ስለሚመስለኝ ቀኑን ሙሉ እህ እህ ስል እውላለሁ። ትኩሳት የለኝም፣ ምግብም በደንብ ይወርድልኛል። አላጨስም። ሰው ሁሉ የየራሱን ይመክረኛል። አንዷ አንቲባዮቲክ ግዢ ትላለች፣ ሌላው በሹክሹክታ አውሪ ይላል። እናቴ ደግሞ ካንሰር እንዳይሆን ብላ እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ ነኝ፦
አይዞሽ እህቴ። የምሠራው ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል ነው፤ እንዳንቺ ያሉ መምህራን በብዛት ይመጡብናል።

ጣትሽን አንገትሽ ፊት ለፊት አድርጊና ዋጥ አድርጊ። ከፍ ዝቅ የሚለው ጠንካራ ነገር ማንቁርት ነው። በ9 ልም አጥንቶች የተዋቀረ ነው። ውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር ይገጥሙና ከሳንባ የሚወጣው አየር ያርገበግባቸዋል። የሴት አውታሮች በተራ ንግግር ብቻ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። እንግዲህ በጉንፋን ባበጠ አውታር ቀኑን ሙሉ ስታስተምሪ ምን እንደሚደርስበት አስቢው።

የጉንፋን እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። መነሻው በብዛት ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈይድም፤ አትግዢ። 4 ሳምንት አልፎም ካልተመለሰ ግን አውታሮቹ በዓይን መታየት አለባቸው። በግምት መድኃኒት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ።

ድምፃዊው፦
ነርሷ ያለችው ልክ ነው። እኔም ድምፄ እየተሰነጠቀ ሲያስቸግረኝ ታይቻለሁ። ምርመራውን ብዙ ሰው ስለሚፈራው ልንገርሽ። አፍንጫሽ ውስጥ ማደንዘዣ ይረጩብሻል፤ ይመራል፣ ጉሮሮሽም ያበጠ ይመስልሻል። ከዚያ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ያስገባሉ። አፍንጫ ውስጥ ሲያልፍ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ አያምም። «ኢ በል» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ነጫጭ አውታሮች ሲገጥሙ አየሁ። መሐላቸው ላይ ግን ግራና ቀኝ ትይዩ የወጡ ሁለት ትናንሽ እባጮች ነበሩ። በነሱ ምክንያት አውታሮቹ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ በክፍተቱ አየር ያፈተልካል። ድምፄ ነፋስ ነፋስ የሚለው ለካ ለዚህ ነው። ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ማደንዘዣው እስኪለቅሽ ብቻ ምግብም ውሃም አትቅመሺ፣ ትንታ ያመጣል።

ሙያዬ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1854 በፀሐይ ብርሃንና በመስታወት የራሱን አውታሮች ያየው ማኑኤል ጋርሲያ ሐኪም አልነበረም፤ የዘፈን አስተማሪ ነበር። ይሄን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

መምህርቷ፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ፍርሃቴን ቀነስክልኝ። እባጮቹ በኦፕሬሽን ወጡ?

ድምፃዊው፦
የለም፣ በልምምድ ነው የጠፉት። ቢላ አልነካኝም።

የድምፅ ቴራፒስት፦
ኖዱል የምንለው እባጭ መዳፍ ላይ እንደሚወጣ ጠጠር ነው፤ ከግጭት ብዛት ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታከመው አነጋገሩ ነው። ኦፕሬሽን የሚታሰበው ልምምዱ ካልሠራ ነው፤ አነጋገሩ ካልተለወጠ ደግሞ ከኦፕሬሽን በኋላም ተመልሶ ይመጣል። ፖሊፕ የሚባለው ሌላ ዓይነት እባጭ ግን ይለያል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ይወጣል፣ አንዴ ክፉኛ ከመጮህም ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ኦፕሬሽን የሚፈልግበት ጊዜ ይበዛል። መምህርት፣ ያንቺ ይሄ ነው ወይም ያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሳይታይ አይታወቅም።

ሹክሹክታውን ተዪው። ብዙ ሰው ሲንሾካሾክ ማንቁርቱን ይበልጥ ያጨናንቃል። ዝግ ባለ፣ ለስላሳ ድምፅ ማውራት ይሻላል። እህ እህ ማለቱንም ተዪ፣ አውታሮቹን በኃይል ያጋጫል። ሲያሰኝሽ ምራቅሽን ዋጪ ወይም ውሃ ጎንጨት በዪ። ስንውጥ ማንቁርት ስለሚዘጋ የምንጠጣው ውሃ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም። የሚያረጥባቸው ሰውነት ውሃ ሲጠግብ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ጠጪ። እንፋሎት ግን በቀጥታ ይደርሳቸዋል። የሞቀ ገላ መታጠቢያ እንፋሎት ይበቃል፤ በሚፈላ ውሃ ላይ አትጎንበሺ፣ ያቃጥላል።

የጨጓራ ታማሚ፦
የጨጓራ አሲድ ይሆናል። እኔም የተጣበቀ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። የአሲድ መድኃኒት ውሰጂና ይለቅሻል።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል። አሲድ ደረት ሳያቃጥል ማንቁርት ድረስ መውጣቱ ያለ ነገር ነው። ግን ድምፅ ስለሻከረ ብቻ፣ አውታሩ ሳይታይ የአሲድ መድኃኒት መጀመር አይመከርም። ሌላ ችግር ካለ ምርመራው ይዘገያል።

የአባቱ ልጅ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። አባቴ የእንቅርት ኦፕሬሽን ከተሠራ ወዲህ ድምፁ ሳስቷል፤ ውሃ ሲጠጣም ትን ይለዋል። ይገናኛል?

ነርስ ነኝ፦
በደንብ ይገናኛል። አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእንቅርቱ ዕጢ ጀርባ ነው የሚያልፈው። በኦፕሬሽን ጊዜ ከተነካ አንዱ አውታር አይንቀሳቀስም፤ ድምፅ ይሳሳል፣ ትንታም ይመጣል። በራሱ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ካልተመለሰም ሕክምና አለው። አባትህን ዛሬ ነገ ሳትል የሠራቸው ሐኪም ጋ ውሰዳቸው፤ ትንታው ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። የግራው ነርቭ ደግሞ ደረት ውስጥ ወርዶ ትልቁን የደም ቧንቧ ዞሮ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው አንዳንዴ የደረት ሕመም ራሱ ድምፅን የሚዘጋው።

መምህርቷ፦
እናቴ ስለ ካንሰሩ አሁንም ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

ነርስ ነኝ፦
ለማንቁርት ካንሰር ዋናዎቹ አጋላጮች ሲጋራና አልኮል ናቸው። አንቺ አታጨሺም፤ ነገሩ የጀመረሽም ከጉንፋን ጋር ነው። ስለዚህ የካንሰር ዕድሉ አነስተኛ ነው በያት። ግን ዝቅተኛ ነው ማለት ቀጠሮው ይቅር ማለት አይደለም። አውታር ላይ የሚነሳ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ድምፅ ስለሚያሻክር ቶሎ ይታወቃል፤ ቶሎ ከተያዘም አብዛኛው ይድናል። አንገትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ፣ ደም ካስታወከሽ ወይም ስትስይ ደም ካየሽ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ ጆሮሽን በአንድ ወገን ካመመሽ ቀጠሮውን አትጠብቂ። ስትተነፍሺ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ከመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ለአስም የሚሳብ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ አንዳንዶቹ ድምፅ ያሻክራሉ።

መምህርቷ፦
አስም የለኝም። ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እስከዚያ ክፍል መግባት እችላለሁ?

የድምፅ ቴራፒስት፦
ፈቃድ ከሰጡሽ ጥቂት ቀን እረፊ። ካልሆነ ማይክሮፎን ጠይቂ። ልጆቹን ጸጥ ለማሰኘት አትጩሂ፤ አጨብጭቢ ወይም ደወል ያዢ። ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ልጅ ከመጥራት አጠገቡ ሄደሽ አናግሪው። እነሱ በቡድን ሲሠሩ አንቺ ዝም በዪ፤ በእረፍት ሰዓትም ግቢ ውስጥ ቆመሽ አታውሪ።