ቦቴው 4,000 ሊትር አራገፈ፣ ጌጁ ግን 2,730 ብቻ ገባ ይላል

ጥያቄ፦ ጀነሬተር ክፍል
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለጀነሬተር የምንጠቀምበት የናፍጣ ታንክ አለን። ተጋድሞ የተቀመጠ ክብ ታንክ ነው፤ የውስጥ ዲያሜትሩ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.2 ሜትር፣ ጫፎቹ ጠፍጣፋ። ከላይ በገመድ ወርዶ ታች የተቀመጠ የግፊት ሴንሰር አለው፤ ልኬቱ ከ0 እስከ 2 ሜትር ውሃ ነው፤ ይህንንም ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልካል። ጌጁ (ዲስፕሌዩ) 4 ላይ 0፣ 20 ላይ 10,000 ሊትር እንዲያሳይ ተደርጓል። ቦቴው ከማራገፉ በፊት 2,100 ይል ነበር፤ ካራገፈ በኋላ 4,830 አለ። 1,270 ሊትር የት ገባ? በዘንግ ስንለካ ከ50 ሴንቲ ወደ 115 ሴንቲ ወጥቷል። ሾፌሩ ቆጣሪዬ ትክክል ነው ይላል። ማንን ልመን?

ሚዛን
ዘንጉን እመን፤ ሾፌሩንም እንዳትጠረጥር። የተጋደመ ክብ ታንክ ሆዱ ሰፊ፣ ታችና ላዩ ጠባብ ነው። በአንተ ታንክ 50 ሴንቲ ላይ አንዷ ሴንቲ 55 ሊትር ትይዛለች፣ መሀል ላይ ግን 64 ሊትር። ሲሰላ 50 ሴንቲ 1,965 ሊትር፣ 115 ሴንቲ 5,983 ሊትር ነው። ልዩነቱ 4,018 ሊትር ሆነ። የተረፈው 18 ሊትር የሴንቲ ሩብ ያህል ናት፤ ዘንግ የሚያነብ ሰው ከዚያ በላይ ይስታል። ናፍጣው ገብቶልሃል።
የታንክህ ሰንጠረዥ ይኸውልህ፣ ዲስፕሌይህ ከፍታና ሊትር ነጥብ በነጥብ የሚቀበል ከሆነ እንዳለ አስገባው፦ 20 ሴንቲ 523፣ 40 ሴንቲ 1,431፣ 60 ሴንቲ 2,536፣ 80 ሴንቲ 3,755፣ 100 ሴንቲ 5,027፣ 120 ሴንቲ 6,298፣ 140 ሴንቲ 7,517፣ 160 ሴንቲ 8,622፣ 180 ሴንቲ 9,530፣ 200 ሴንቲ 10,053 ሊትር።

ካሊብሬሽን
ሚዛን ያለው ልክ ነው፤ ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ሴንሰሩ የሚያውቀው ግፊት እንጂ ከፍታ አይደለም፣ የተለካውም በውሃ ነው። አንድ ሜትር ውሃ 9.81 ኪሎፓስካል ሲጫን አንድ ሜትር ናፍጣ 8.2 ገደማ ብቻ ይጫናል፣ ምክንያቱም የናፍጣ ክብደት የውሃ 0.84 ያህል ነው። ስለዚህ 115 ሴንቲ ናፍጣ ለሴንሰርህ 96.6 ሴንቲ ውሃ ነው። ይህም የ2 ሜትር 48.3 በመቶ፣ ማለትም ያየኸው 4,830 ነው።
ታች ላይ ለምን አልታወቀም ብትል፣ 50 ሴንቲ ላይ ሁለቱ ስህተቶች ይካካሳሉ፦ ክብደቱ ያሳንሳል፣ የታንኩ ቅርጽ ያስበልጣል። ከግማሽ በላይ ግን ሁለቱም በአንድ ላይ ያሳንሳሉ። እዚህ ላይ ልብ በል ወንድሜ፤ ታንኩ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ ዲስፕሌይህ 8,400 ነው የሚለው። እሱን አምኖ ተጨማሪ 1,500 ሊትር ያዘዘ ሰው ናፍጣውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። እስኪስተካከል ድረስ ያለ ዘንግ አታስሞላ፣ ከ190 ሴንቲም አትለፍ።
አሠራሩ፦ መጀመሪያ ሊትሩን ተወውና በሴንቲ ብቻ እንዲያሳይ አድርገው። 4 ሚሊ አምፔር 0፣ 20 ሚሊ አምፔር 238 ሴንቲ (200 ሲካፈል ለ0.84)። ናፍጣውን በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ክብደት መለኪያ) ለክተህ 0.83 ወይም 0.85 ከሆነ በዚያው አካፍል። በሁለት የተራራቁ ከፍታዎች ከዘንግ ጋር ከተስማማ በኋላ ነው ሰንጠረዡ የሚገባው።

ቴስተር
ዲስፕሌዩን ከመነካካትህ በፊት ሴንሰሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጥ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሚሊ አምፔር ላይ አድርገህ በሴንሰሩ ሽቦ መስመር መሀል አስገባው። 115 ሴንቲ ላይ 11.7 አካባቢ ካነበብክ ሴንሰሩ ደህና ነው። ከ4 በታች ከሆነ ገመዱን ፈትሽ።

በያጅ
ይህን ሁሉ ከምትለፋ በጎን የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ብታስገጥም ይቀላል።

ካሊብሬሽን
ለናፍጣ አልመክርም። ተራ ቱቦ በፀሐይና በናፍጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የታችኛው ቫልቭ ክፍት ከሆነ ደግሞ ታንኩ ሙሉ በዚያ ይወጣል። የግድ ከሆነ ታች እጅ ሲለቀው በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ይግባ፣ የቱቦው ላይኛው ጫፍም ከታንኩ አናት ጋር ይገናኝ። ላዩ ከተደፈነ ውስጡ ያለው አየር ታፍኖ ውሸት ያሳያል።

ጀነሬተር ክፍል
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሾፌሩንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። 238 አስገብቼ ከዘንጉ ጋር ተስማማ። አሁን ግን ጀነሬተሩ ሳይነሳ ከጠዋቱ 4 ሰዓት 113፣ ከቀኑ 10 ሰዓት 110 ይላል። ዘንጉ አይንቀሳቀስም።

ሚዛን
የሴንሰሩ ገመድ ውስጥ ከሽቦዎቹ ጎን ቀጭን የአየር ቱቦ አለች፤ የውጭውን አየር ግፊት ለሴንሰሩ የምታደርስ እሷ ናት። ምናልባት ገመዱ የሚያያዝበት ሳጥን ውስጥ ከሽቦዎቹ ጋር በቴፕ ተጠቅልላለች ወይ በሲሊኮን ተደፍናለች። የአየር ግፊት ረፋድ ላይ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ የ0.25 ኪሎፓስካል ለውጥ 3 ሴንቲ ናፍጣ ነው። ሴንሰሩን የሚመግበውን 24 ቮልት አጥፍተህ ሳጥኑን ክፈት፣ ጫፏን ነጻ አድርግ፣ እርጥበት የሚስብ ከረጢት ጨምርበት። ሳጥኑም እንዲተነፍስ እንጂ ጥርቅም ብሎ እንዳይታሸግ።
ሌላ ሴንሰር ስትገዛም የአየር ቱቦ ያለው መሆኑን ጠይቅ። በባሕር ወለል ግፊት የታሸገ ከሆነ እዚህ አይሠራም፦ በዚያ 101፣ በአዲስ አበባ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ልዩነቱ 2.9 ሜትር ናፍጣ ስለሚሆን የአንተ ታንክ ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል።

ቴስተር
ሳትዘጋው ደግሞ ሴንሰሩን ከታች 5 ሴንቲ ከፍ አድርገውና ዲስፕሌዩ ላይ 5 ደምር። ውሃና ጭቃ እዚያ ነው የሚጠራቀመው፣ አፉን ይደፍነዋል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይረውን ቅባት (ፓስታ) ቀብተህ ለካ፤ ከቀየረ በታችኛው ማስወገጃ ውሃውን አውጣ።

ጀነሬተር ክፍል
ቱቦዋ በቴፕ ተጠቅልላ ነበር። ፈታኋት፤ ዛሬ ጠዋትም ከሰዓትም 112፣ ዘንጉም 112።