አዲስ አልተርኔተር ተገጥሞም ያው 15.1 ቮልት

ባለ አሮጌዋ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለች ቤንዚን ናት፤ አልተርኔተሯን፣ ማለትም ባትሪውን የሚሞላውን ኤሌክትሪክ አመንጪ፣ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የላትም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የፊት መብራት አምፖል ተቃጠለብኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኮፈኑን ስከፍት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ፊቴን መታኝ። የባትሪው ክዳን ዙሪያ ርሷል፤ ጎኑን ስነካው ይፋጃል። ሞተሩን አስነሥቼ በመልቲሜትር ስለካ 15.1 ቮልት አገኘሁ።

ጋራዥ ወሰድኳት። «ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) አልቋል» ተባልኩና አልተርኔተሩ ከነሬጉሌተሩ በአዲስ ተቀየረ። ቤት ተመልሼ ለካሁ። 15.1 ቮልት፤ ከነነጥቡ ያው ቁጥር።

አንድ እንግዳ ነገር ልጨምር። የመስታወት መጥረጊያውንና የማሞቂያውን ማራገቢያ ስከፍት ቮልቱ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ወደ 15.6 ወጣ። ስዘጋቸው ተመለሰ። ያበደው መለኪያዬ ነው ወይስ እኔ?

ቶሎ መፍትሔ

አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ደህና አይደለም። ሌላ አልተርኔተር አስገጥም። ማረጋገጥ ከፈለግህ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀልና መብራቱ እንዴት እንደሚሆን ተመልከት።

ሽቦ አሳዳጁ

ልጄ፣ ከላይ ያለውን የመንቀል ምክር እርሳው። ባትሪው የአልተርኔተሩን ግፊት የሚያበርድ ትራስ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከነቀልከው ቮልቱ በቅጽበት ከ40 በላይ ሊወረወር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሬዲዮውም ሬጉሌተሩም ይቃጠላሉ። በዚያ ላይ የሚፈላ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ነው። ሞርሴቶው (ሽቦውን ከባትሪው ራስ ጋር የሚያስረው ማያያዣ) ሲነቀል የምትፈናጠር አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። አሲድ ፊቱ ላይ የተረጨበት የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ዓይኑን ያተረፈለት መነጽሩ ነው።

አሁን ወደ አንተ። «እንግዳ ነገር» ብለህ መጨረሻ ላይ የጨመርካት ለእኔ ዋናዋ ናት። አልተርኔተር ሸክም ሲበዛበት ቮልቱ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም።

ሬጉሌተር አንድ ሽቦ እያየ የሚፈርድ ዳኛ ነው። በዚያ ሽቦ ላይ 14.2 ቮልት አካባቢ እስኪያይ ድረስ በአልተርኔተሩ ውስጥ ለሚሽከረከረው የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ሲያይ ይቀንሳል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ይህ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው አይመጣም። ከባትሪ ተነሥቶ ቁልፍ በሚዞርበት ኮንታክት ውስጥ ያልፋል፤ በፊውዝ ሳጥኑ ዞሮ ነው አልተርኔተሩ ዘንድ የሚደርሰው። መጥረጊያውና ማራገቢያውም የሚመገቡት በዚያው መንገድ ነው።

የኮንታክቱ የውስጥ ምላስ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ብረት) ከተበላ መንገድ ላይ ቮልት ይጠፋል። ባትሪው 15.1 እያለው ሬጉሌተሩ ዘንድ የሚደርሰው 14.2 ብቻ ይሆናል፤ እርሱም «ልክ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ማራገቢያ ስትከፍት በዚያው በተበላ ምላስ ብዙ አምፔር ያልፋል፤ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፤ ዳኛውም ባትሪው የተራበ መስሎት ያጎርሰዋል። አልተርኔተር ብትቀይር ዳኛው ተለወጠ እንጂ ምስክሩ ያው ሐሰተኛ ነው። ቁጥሩ ከነነጥቡ የተመሳሰለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሬጉሌተሩ ራሱ ተቃጥሎ ቢሆን ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር 16፣ 17፣ 18 እያለ ይወጣ ነበር። ያንተ ነዳጅ ስትሰጥ ምን ይላል? አልጻፍክም።

ከመገመት እንለካ። አስቀድመህ የመለኪያህን የራሱን ባትሪ ቀይር። እርሱ ሲደክም ብዙዎቹ ዲጂታል መለኪያዎች ከእውነቱ አስበልጠው ያሳያሉ፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ አልተርኔተር ሲወልቅ አይቻለሁ። ቀጥለህ በመኪናህ መመሪያ ካለው የሽቦ ሥዕል ማያ ሽቦውን፣ ያን ሬጉሌተሩ እያየ የሚፈርድበትን፣ ለይ። በብሎን የታሰረው ወፍራሙ ሽቦ አይደለም፤ በአልተርኔተሩ ሶኬት ካሉት ቀጫጭኖች አንዱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቀዩን ሹል በራሱ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አድርግ፤ በሞርሴቶው ላይ አይደለም። ጥቁሩን ከሶኬቱ ጀርባ አስገብተህ ማያ ሽቦውን አስነካ። የምታነበው መንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ከ0.2 ወይም 0.3 ካልበለጠ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

እስከዚያው አትንዳት።

ባለ አሮጌዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመለኪያውን ባትሪ ቀየርኩ፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ነዳጅ ስሰጥም እዚያው 15.1 ላይ ነው። ከዚያ እንዳሉኝ ለካሁ። ሁሉም ጠፍቶ 0.9 ቮልት፤ መጥረጊያና ማራገቢያ ሲከፈት 1.4። በወረቀት ደመርኩት፤ 14.2 ሲደመር 0.9፣ 14.2 ሲደመር 1.4። ለብቻዬ ሳቅሁ።

አዲስ ነጂ

በዚህ አጋጣሚ ልጠይቅ። የእኔ አዲስ ሞዴል ናት። አንዳንዴ 14.9፣ አንዳንዴ 12.7 ታሳያለች። ኮንታክቷ ይሆን?

ሽቦ አሳዳጁ

እህቴ፣ በአንቺ መኪና ቮልቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሳይሆን አይቀርም። ባትሪው ሲሞላ ነዳጅ ለመቆጠብ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፍጥነት ስትቀንሺ ከፍ ያደርገዋል። የማስጠንቀቂያ መብራት ካልበራ ተዪው።

ባለ አሮጌዋ፣ አሁንም ቀጥታ ወደ ኮንታክቱ አትሩጥ፤ የፊውዙ መያዣም ሊሆን ይችላል። ቀዩን ሹል ባትሪው ላይ ተውና ጥቁሩን በየማለፊያው አስነካ፤ መጀመሪያ ወደ ኮንታክቱ በሚገባው፣ ቀጥሎ ከእርሱ በሚወጣው፣ ከዚያ በፊውዙ በሁለቱም ጫፍ። ቁጥሩ በድንገት የዘለለበት ቦታ በሽተኛው ነው። (ሬጉሌተራቸው ለብቻው ከአካሉ ጋር የታሰረ ይበልጥ ያረጁ መኪናዎች ያላችሁ፣ የሬጉሌተሩን ማሳም (ከመኪናው አካል ጋር ያለውን የኔጋቲቭ ግንኙነት) ለኩ። እርሱ ሲዝግም ሬጉሌተሩ አሳንሶ ያያል።)

ባለ አሮጌዋ

ኮንታክቱ ሲገባ 0.1፣ ሲወጣ 0.8። የቀረችው 0.1 ፊውዙ ጋ ናት፤ መያዣው አረንጓዴ ሆኗል። የኮንታክቱን የኤሌክትሪክ ክፍል አውጥቼ ከፈትኩት፤ አንዱ ምላስ ጠቁሮ ጎድጉዷል፣ ፕላስቲኩም ቀልጧል። ቀየርኩት፤ የፊውዙን መያዣም አጸዳሁ። አሁን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጥ) 14.2፣ ሁሉንም ስከፍት 14.0።

ባትሪውስ ይድናል?

ሽቦ አሳዳጁ

ጎኑ ካበጠ አይድንም፤ አውጣው። ካላበጠ ክዳኖቹን ክፈትና ሰሌዳዎቹ ከውሃ በላይ ከሆኑ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምር፤ አሲድ አትጨምር፣ የተነነው ውሃው ነው። ባትሪውን በቻርጀር ሞልተህ ሌሊቱን አሳድረው። ጠዋት ከ12.4 በታች ከወረደ ደክሟል።

የድሮው አልተርኔተር ካለህ ደግሞ አትጣለው፤ ጥፋት አልነበረበትም።

ባለ አሮጌዋ

እዚያው ጋራዥ ጥዬው መጣሁ። ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቃለሁ።