«ቴክ»ን ሁሉ «ወሰደ» ለሚሉ ተማሪዎች መላው ምንድን ነው?

ኮዬ አስጠኚ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንድ ተራ ግስ በተሳሳተ መንገድ ከተያዘ ጉዳቱ ለሌላውም ትምህርት ይተርፋል። አሁን ያስቸገረው «ቴክ» ነው። ደብተራቸው ላይ «ቴክ = ወሰደ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ በዚያ ይተረጎማል። «ዘ ፕሌን ቱክ ኦፍ» «አውሮፕላኑ ወስዶ ጠፋ» ይሆናል፤ «ዘ ሚቲንግ ቱክ ፕሌስ» «ስብሰባው ቦታ ወሰደ»፤ «ሺ ቴክስ አፍተር ኸር ማዘር» ደግሞ «ከእናቷ በኋላ ትወስዳለች»። ዝርዝር ማሸምደድ ከፈተና ዋዜማ አያልፍም። በምን ቅደም ተከተል ይሰጣቸው? ደብተር ላይስ ምን ይጻፍ?

የትርጉም ሰው፦
መምህር፣ መጀመሪያ ያንን «ቴክ = ወሰደ» የሚለውን መስመር ያሰርዟቸው። ቀጥሎ ሁለቱን ዓይነት ለየብቻ ይስጡ፤ አንዱ ከስም ጋር የሚሄደው ነው፣ ሌላው እንደ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «አፕ» ካሉ ትንንሽ ቃላት ጋር የሚሄደው።

ከስም ጋር ሲሄድ «ቴክ» ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ትርጉሙ ያለው ስሙ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ስሙን ይዞ «ይህ ነገር በአማርኛ ምን ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቅ። ፎቶ ይነሳል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ሻወር ከሆነ ገላ ይታጠባል። አንዳንዱን አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፦ «ቴክ ሳይድስ» ወገነ፣ «ቴክ ሪቬንጅ» ተበቀለ፣ «ቴክ ፓርት» ተሳተፈ፣ «ቴክ ፕሌስ» ተካሄደ። «ወሰደ» የሚያስኬደው ጥቂት ቦታ ነው፤ መድኃኒት፣ እርምጃ፣ ጊዜ። «ፈተና ወሰደ» አሁን አሁን በዜናም ይሰማል፤ «ተፈተነ» እያለ ለምን እንዳስፈለገ ግን አይገባኝም።

ሁለተኛው ዓይነት ላይ ትርጉሙን የሚቆርጠው ባለቤቱ ወይም ተሳቢው ነው። «ቴክ ኦፍ»ን ይውሰዱ። ባለቤቱ አውሮፕላን ከሆነ «ተነሳ»፣ ንግድ ከሆነ «ደራ»። ተሳቢው ጫማ ወይም መነጽር ከሆነ «አወለቀ»፣ ቀበቶ ከሆነ «ፈታ»፣ የድስት ክዳን ከሆነ «ከፈተ»። «ቴክ ኤ ዴይ ኦፍ» ሲሆን ደግሞ ሠራተኛው ለአንድ ቀን ፈቃድ ወጥቷል። «ቴክ ኢን» ከዚህም ይብሳል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲባል «አጠበበ» ነው፤ የጎኑን ስፌት ፈትቶ ወደ ውስጥ አስገብቶ መስፋት። የተቸገረ ሰው ላይ ሲሆን «ቤቱ አስጠጋ»፣ ትምህርት ላይ ሲሆን «ገባው»። «ሂ ወዝ ቴከን ኢን» ከተባለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ተሸውዷል።

የእኛ አገር ልጆች ጣጣ ብቻ እንዳይመስላቸውም ይንገሯቸው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ይኸው ዓይነት ግስ እንደሆነ ጽፏል፤ ከደረደራቸው ምሳሌዎችም አንዱ ራሱ «ቴክ ኦፍ» ነው።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ የቃላቱ ቦታም ነው። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»ም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»ም ልክ ናቸው። ጫማው በተውላጠ ስም ሲተካ ግን አንድ መንገድ ብቻ ይቀራል፤ «ቴክ ዜም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዜም» ስህተት ነው። ልጆቹ እዚህ ጋ የሚስቱበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአማርኛ ተሳቢው ከግሱ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፤ «አውልቀው»፣ «መልሳት» እንላለን። እነሱም «ቴክ ኦፍ»ን እንደ አንድ ግስ ቆጥረው መጨረሻው ላይ ይለጥፉበታል።

«ቴክ አፍተር» ግን አይከፈልም፤ «ሺ ቴክስ አፍተር ኸር» ነው የሚባለው። ትርጉሙ «ቁርጥ እናቷን»፤ በመልክም በጠባይም ይሆናል። የትኛው እንደሚከፈል በአንድ ሕግ ስለማይታወቅ፣ እያንዳንዱን ሲያጠኑ «ኢት» ወይም «ኸር» አስገብተው ይጻፉት። የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ያለው ሰው ባለ ሁለት ጫፏን ቀስት ይመልከት፤ ቀስቷ ካለች ተሳቢው ወዲህም ወዲያም መሄድ ይችላል ማለት ነው።

የለገጣፎ፦
ሁላችሁም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው የሄዳችሁት። ከአማርኛ ሲነሱ የሚመጣው ስህተት ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ይገለበጣል። በእኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ እንቅልፍም ሰውን ይወስዳል። በእንግሊዝኛ ግን ያዡ ሰውዬው ነው፤ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። እንቅልፍ ደግሞ ጭራሽ ባለቤት አይሆንም፤ «አይ ፌል አስሊፕ» ይባላል። ካልነገሯቸው «ስሊፕ ቱክ ሚ» ይጽፋሉ።

ጊዜ ላይም እንዲሁ። «ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» የሚለው «ኢት ቱክ ሚ ቱ አወርስ ቱ ጌት ቱ ሜክሲኮ» ይሆናል። ያ መጀመሪያ ላይ የሚገባው «ኢት» ምንም ነገር አይወክልም፤ ቦታ ለመሙላት ነው። «አይ ቱክ ቱ አወርስ» ቢሉ አይወገዝም፤ «ቱ አወርስ ቱክ ሚ» ግን አይሆንም።

ደግሞ የሚያስፈራቸው ነገር በቋንቋቸው ውስጥ እንዳለ አሳዩአቸው። ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል ማንም «ምን ልበል?» ብሎ አይጠይቅም። «ቁጭ አለ»፣ «ዞር አለ»፣ «ብድግ አለ» ውስጥ ያለው «አለ» መናገር አይደለም፤ ትርጉሙ ከፊቱ ባለው ቃል ነው የሚለወጠው። «ድምፁን ከፍ አድርገው» እና «ተርን ኢት አፕ» አሠራራቸው በጣም ይቀራረባል።

ጡረተኛ መምህር፦
ስለ ደብተሩ፦ አማርኛ ባይጻፍበት ይሻላል። አማርኛው ካለ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እንግሊዝኛውን አያነቡትም።

የትርጉም ሰው፦
ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። አማርኛው ካልተጻፈ ልጁ በልቡ «ወስዶ ጠፋ» እያለ ይቀጥላል፤ ማንም አያርመውም። የሚጎዳው ነጠላ ቃል ከነጠላ ቃል ጋር ማጣመሩ ነው። ገጹ ለሁለት ይታጠፍ። በግራ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ያው ዓረፍተ ነገር በተውላጠ ስም፤ በቀኝ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ ሰው በሚናገረው አማርኛ። በሳምንት ከአምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ከሁለት ቀን በኋላ ግራውን ሸፍነው ከአማርኛው ተነስተው እንግሊዝኛውን ይጻፉ፤ በሳምንቱ ይደገም። ቀኙን ብቻ እየሸፈኑ ማጥናት ልጁን ያወቀ ያስመስለዋል እንጂ ጽፎ አያሳየውም። «ቴክ አፕ»፣ «ቴክ ኦቨር»፣ «ቴክ ኦን»ን ግን በአንድ ሳምንት አይስጡ፤ ይጋጩባቸዋል።

ኮዬ አስጠኚ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። «ቴክ ፎር ግራንትድ»ን በአንድ ቃል የሚይዝ አማርኛ አለ? ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ «ዘ ላይት ቱክ ኦፍ» የሚል ልጅ አለ፤ ከየት አመጣው?

የለገጣፎ፦
በአንድ ቃል አልሰማሁም፤ ሁለት አጠቃቀም ስላለው ሁለት ያድርጉት። «አይ ቱክ ኢት ፎር ግራንትድ ዛት ሂ ወድ ካም» ከሆነ «እንደሚመጣ አልተጠራጠርኩም»። ያለንን ነገር ዋጋ ስለ መንሳት ከሆነ ደግሞ «እንደ ቀላል ነገር አየው» ይበቃል፤ ውሃ በየቀኑ የሚመጣለት ሰው ውሃን እንደሚያየው ማለት ነው። በፈረቃ ለሚደርሳቸው ልጆች ይህ ምሳሌ ቶሎ ይገባል።

ሰዋስው ወዳጅ፦
የሁለተኛው መነሻ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። «ስልኬ ኦፍ ሆነ» እያልን ስላሳደግናቸው «ኦፍ» ማለት «ጠፋ» መስሏቸዋል፤ «ወስዶ ጠፋ»ም የመጣው ከዚያው ነው። መብራት ሲሄድ «ዘ ፓወር ዌንት አውት»፣ ሲመለስ «ዘ ፓወር ኬም ባክ ኦን»። ራሳቸው ካጠፉት «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»፣ በተውላጠ ስም «ተርን ኢት ኦፍ»። ሦስቱም ላይ «ቴክ» አይገባም።