ጎንደር ለሴት ጦማሪያን ጉባኤ የምትሄድ ምን ይዛ፣ ምን ጠይቃ ትሂድ?

ሽሮ_በድስት፦
ሰላም እህቶች። በሚቀጥለው ወር ጎንደር ላይ ለሁለት ቀን በሚካሄድ የሴት ጦማሪያን ጉባኤ ላይ እገኛለሁ። የምጽፈው ስለ አገር ቤት ምግብ ነው። በሁለተኛው ቀን የ15 ደቂቃ ገለጻ አለኝ፣ ስላይዱ በሙሉ በአማርኛ ነው። የምነሣው ከአዲስ አበባ ነው። ግራ የገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ስላይዱ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲከፈት እንዳይበላሽ ምን ላድርግ? ማረፊያ ስይዝ ምን ምን ልጠይቅ? ስልክ ቁጥሬን ሳልበትን ከሰው ጋር እንዴት ልተዋወቅ? ደግሞ የተላከልኝ መርሐ ግብር መጀመሪያውን «3:00» ይለዋል፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አልተጻፈም።

ፊደል_ለቃሚ፦
የስላይዱን እኔ ልመልስ። ገለጻ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚበላሽበት መንገድ ሁለት ነው፣ መድኃኒቱም ለየቅል ነው። ፊደሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ከመጣ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከመጣ ግን ጽሑፉ በአሮጌ የፊደል ፕሮግራም የተተየበ ነው። ያኔ ፊደላችን የራሱ ቁጥር ስላልነበረው በላቲኑ ቦታ ተውሶ ነበር የሚቀመጠው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው ላቲን ገሃድ ይወጣል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተር ላይ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከድሮ ሰነድ የወሰድሽው የምግብ አሠራር ካለ ገልብጠሽ አትለጥፊው፣ እንደገና ተይቢው። እንዲያ ያለ ጽሑፍ ጦማር ላይ ቢወጣም ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የለም።

ሦስተኛ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ኒያላ የሚባለው ፎንት በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች አብሮ ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። ከሌለ ኮምፒውተሩ በራሱ ኤብሪማ የሚባለውን ሌላ ፎንት ይተካበታል። ጽሑፉ ይነበባል፣ ነገር ግን የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል። «ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ» ብለሽ በአንድ መስመር ያስቀመጥሽው፣ «በርበሬ» ብቻውን ወርዶ የድስቱ ፎቶ ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ፓወርፖይንቱን በዊንዶውስ የምትሠሪ ከሆነ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ግቢና ታች ላይ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር የሚያስቀምጠውን ሣጥን ምልክት አድርጊበት። በዚያ ላይ ፒዲኤፍ ቅጂ አውጪ። ሁለቱንም ፍላሽ ላይ አድርጊ፣ ለራስሽም በኢሜይል ላኪ። የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ፤ ከኋላ ወንበር ሲታይ «ቢ» እና «ቤ» አንድ ይሆናሉና «ቤት» የሚለውን አንባቢ በግምት ነው የሚያነበው። መደቡ ነጭ፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን። መጋረጃው የሳሳ አዳራሽ ውስጥ በጥቁር መደብ ላይ ያለ ጽሑፍ አይታይም።

ገመዱን ቀድመሽ ጠይቂ። አንዳንድ ፕሮጀክተር ኤችዲኤምአይ የለውም፣ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው፤ ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ደግሞ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ይኖራቸዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ አዳፕተር ራስሽ ያዢ። የምታሳዪውን ነገር አንድ ገጽ ላይ በወረቀትም አትሚ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ቀዝቅዞ እስኪነሣ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከ15 ደቂቃ ላይ ደግሞ ያ ብዙ ነው።

አዘዞ_ማዶ፦
እንኳን ወደ ከተማችን በሰላም ትመጪ። እኔ ስለ ጎንደር ልበልሽ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። «3:00» በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ካሉ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል። አዘጋጆቹን «ከምሳ በፊት ነው በኋላ?» ብለሽ ጠይቂ፣ እንዲህ ከጠየቅሽ አይምታታም። ስልክሽ ላይ ማንቂያ ስትሞይ የጠዋቱ 3:00 ስልኩ ላይ 9:00 መሆኑን አትርሺ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመኪና የምትመጪ ከሆነ በዚያው ሳምንት ከሚመላለስ ሰው መንገዱን ጠይቂ፣ ማታ አትጓዢ። በየትኛውም ብትመጪ ዋዜማውን ግቢ። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ከፒያሳ ራቅ ይላል፤ የሚቀበልሽ መኪና መኖሩን ቀድመሽ አረጋግጪ። ፓወር ባንክሽን በሻንጣ አታስገቢው፣ በእጅሽ ያዢው። አየር መንገዱን ሳታስፈቅጂ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፣ 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚሆን ያስቆምሻል።

ማረፊያ ስትይዢ ከዋጋው በፊት ውኃውን ጠይቂ። ጎንደር የውኃ ችግር ያለባት ከተማ ናት፤ አንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፣ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ሮቶ አላችሁ?» ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ «መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በጄኔሬተር ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጨምሪ። ሮቶው መሬት ላይ ሆኖ ፓምፑ ካልሠራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እንግዳ ታጥባ ሳትጨርስ ውኃው ይቆማል። ከቻልሽ ዝቅ ያለ ፎቅ ጠይቂ። ጉባኤው ከጥምቀት ሰሞን ከገጠመ ደግሞ ዛሬውኑ ያዢ፤ በጥር 11 ዙሪያ አልጋ አይገኝም።

ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ማታ ይበርዳል፤ ሹራብ ወይም ጋቢ ጨምሪ። ለባጃጅ ኮንትራት ከያዝሽ ዋጋውን ሳትሳፈሪ ጨርሺ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነ ወይም የማትጾሚ ከሆነ ለአዘጋጆቹ ንገሪያቸው፤ የምሳው ብዛት የሚወሰነው ቀድሞ ነው። ነጠላ አትርሺ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መግባትሽ አይቀርም። ሥዕል ያለበትን ጣሪያ ፎቶ ስታነሺ ፍላሽ አጥፊ።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነፃ ከሆናችሁ ቁስቋም ሂዱ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፤ በ1730 እ.ኤ.አ. ልጃቸው ኢያሱ ሲነግሥ አብረው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ለሴቶች ጉባኤ ከዚህ የተሻለ መዝጊያ አላውቅም።

ሽሮ_በድስት፦
ብዙ ነገር ቀለለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊደል_ለቃሚ፣ ስላይዱ ውስጥ ሁለት አጫጭር ቪዲዮ አለኝ፣ ሽሮው ሲንተከተክ የሚያሳይ። ፒዲኤፍ ካደረግሁት ይሠራል?

ፊደል_ለቃሚ፦
አይሠራም፣ ፎቶ ሆኖ ይቀራል። ቪዲዮዎቹን ለብቻቸው በኤምፒ4 አድርገሽ ከፒዲኤፉ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ። አዳዲስ ስልኮች የሚቀርጹት ቦታ በሚቆጥብ አሠራር ነው፤ እሱን አንዳንድ ዊንዶውስ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይከፍተውም፤ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ከመቅረጽሽ በፊት የካሜራው ቅንብር ውስጥ ኤች 264 የሚለውን ምረጪ። ድምፁ የግድ ከሆነ ደግሞ ቪጂኤ ድምፅ እንደማያስተላልፍ አስቢ፤ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ የሚሄድ ገመድ ያስፈልጋል።

ድርና_ማግ፦
ስለ መተዋወቁ። ስልክ ቁጥር በካርድ ላይ አትሚ የሚል ምክር ሴት ጦማሪ ላይ አይሠራም። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የማታውቂው ሰው በእኩለ ሌሊት መደወል ይጀምራል። የቴሌግራም መጠሪያሽን ወይም የኪውአር ኮድሽን ስጪ። ከዚያ በፊት ግን ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር ግቢና ቁጥርሽን ማን ያያል ለሚለው «ማንም» የሚለውን ምረጪ። በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለውን ደግሞ «ስልኬ ውስጥ ያሉት» አድርጊው። ይኼኛውን ካልነካሽ መጠሪያውን ብትሰጪም ቁጥርሽን በሌላ በኩል ያገኘ ሰው ያውቅሻል። ሁለት ደረጃ መግቢያውንም (ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሪ።

በአዳራሹ ላፕቶፕ ኢሜይልሽን ከፍተሽ ስላይድ አታውርጂ። የብዙ ሰው ፍላሽ የገባበት ማሽን ነው። ፍላሽሽን ከመለስሽ በኋላ ፋይሎችሽ በሾርትከት ተተክተው ካገኘሻቸው ቫይረስ ነው፤ ምንም ሳትጫኚ ፎርማት አድርጊው። ለዚህ ነው ለገለጻ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ለብቻ የሚያዘው።

ስለ ፎቶ ደግሞ አደራ። ከመካከላችን በብዕር ስም የሚጽፉ አሉ፤ ቤተሰባቸው የማያውቀውም አሉ። የቡድን ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት ጠይቂ፣ ጠይቀሽም ስም አትጥሪባቸው። ጉባኤው ሳያልቅ የአዳራሹን ስም ከፎቶው ጋር አትለጥፊ፤ ማታ ወደ ማረፊያሽ ስትመለሺ የት እንዳለሽ ለማያስፈልገው ሰው መናገር ነው።

እናት_ጸሐፊ፦
ይቅርታ፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ልጨምር። 6 ወር ያልሞላት ልጅ አለችኝ፣ እዚያው ጉባኤ ላይ መምጣት እፈልጋለሁ። እሷን ከእናቴ ጋር ማረፊያው ውስጥ ትቼ ጡቴን እያለብኩ ብተውላትስ ይሆናል?

ማራኪ_ሰፈር፦
ይሆናል እህቴ፣ ቅሪ የሚልሽ ሰው አይኑር። የታለበ የጡት ወተት 25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የማረፊያው ፍሪጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚሞቅ ከበረዶ ጋር የሚያዝ ትንሽ ቀዝቃዛ መያዣ አምጪ፤ በረዶው እስካልቀለጠ ድረስ እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። ወተቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ጡጦውን ነክረሽ አሙቂው፣ እሳት ላይ አታድርጊው። ልጅቱ ጠጥታ የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ አታስቀምጪ። አዘጋጆቹን በሩ የሚቆለፍ አንድ ክፍል፣ ወንበርና የመብራት ሶኬት ጠይቂያቸው። ቀድመው ካወቁ ቀላል ነው፣ በዕለቱ ከሆነ ግን ሁሉም ክፍል ተይዞ መጸዳጃ ቤት ነው የሚያሳዩሽ። ማረፊያሽን ደግሞ ለአዳራሹ በእግር በሚደረስበት አድርጊ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ራስሽ አጥብተሽ ትመለሻለሽ።

ፊደል_ለቃሚ፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ከጉባኤው በኋላ ለምትጽፉት። የከተማው ስም «ጎንደር» ተብሎም «ጐንደር» ተብሎም ይጻፋል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ በአንዱ የጻፍሽውን በሌላው የሚፈልግ አንባቢ ላያገኘው ይችላል። አንዱን ርእሱ ላይ፣ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አድርጊው። ሃሽታግ ስትሠሩ በቃላት መካከል ክፍት ቦታም ነጥብም አይገባም፣ የታች ሰረዝ ብቻ ተጠቀሙ፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ይቆረጣል።

የተናጋሪዎቹን ቃል መጥቀስ ከፈለግሽ ቪዲዮ አትቅረጪ፣ ድምፅ ይበቃል። በ1080 ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 8 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ በ128 ኪሎቢት የተቀረጸ ድምፅ ግን አንድ ሰዓቱ ከ60 ሜጋባይት አይበልጥም። ተናጋሪዋን አስፈቅደሽ፣ ስልኩን መድረኩ ላይ ከማይኩ አጠገብ አስቀምጪው። ከድምፅ ማጉያው ፊት ካስቀመጥሽው ድምፁ ተጨናንቆ አንድም ዓረፍተ ነገር አይወጣልሽም።

ሽሮ_በድስት፦
ፎንቱን አሁን ፋይሉ ውስጥ አስቀመጥሁት። ነገ ጠዋት ማረፊያው ጋ ደውዬ ስለ ሮቶውና ስለ ፓምፑ እጠይቃለሁ። እናት_ጸሐፊ፣ ካገኘሁት ቦታ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ሁለት አጎራባች ክፍል ካላቸው እዚሁ እጽፍልሻለሁ፣ አብረን እንያዝ።