የናፍጣችንን ጭስ በምን እናካክሰው?

ጥያቄ (ቡና ቆዪው)
ጤና ይስጥልኝ። ከአለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ የቡና መቁያና ማሸጊያ ድርጅት አለን። ጭነት የሚያመላልሰው አይሱዙ፣ የሠራተኞች ሰርቪስና መብራት ሲጠፋ የምናስነሳው ጄኔሬተር በድምሩ በወር ወደ 600 ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ይጨርሳሉ። አልፎ አልፎም ለሥራ ወደ ዱባይ እንበራለን። አውሮፓ ያለው ደንበኛችን የምናወጣውን ካርቦን ስለ ማካካሳችን በጽሑፍ እንድናሳውቀው ጠይቆናል። ከመጋዘናችን ጀርባ የተከልነው ባሕር ዛፍ ለዚህ ይበቃል ወይስ የካርቦን ክሬዲት (ሌላ ቦታ ለተቀነሰ ወይም ለተያዘ ካርቦን የሚሰጥ፣ የሚሸጥ የምስክር ወረቀት) መግዛት ይኖርብናል?

መልስ (ደን ጠባቂ)
ሒሳቡ እንደሚፈራው አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ክብደቱ ከነዳጁ የሚበልጠው በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ላይ ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ ከእናንተ ናፍጣ የሚወጣው በዓመት ከ19 ቶን በላይ ይሆናል። ለበረራው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነጻ ማስያ አለው። ከመስመር የምታገኙት ኤሌክትሪክ ግን ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ ድምሩን እምብዛም አይለውጠውም።

ወደ ባሕር ዛፉ ስንመጣ፣ ወላይታ የሚገኘውን የሁምቦን ደን ለማነጻጸሪያ ይውሰዱት። ይህ ደን ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ በመንከባከብ በ2,728 ሄክታር ላይ እንዲያገግም የተደረገ ሲሆን፣ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ ታቅዶለታል፤ ይህም በዓመት በሄክታር 11 ቶን አይሞላም። በዚህ ስሌት እናንተ ወደ ሁለት ሄክታር የሚጠጋ፣ መጥረቢያ የማይነካው ደን ያስፈልጋችኋል። በእኛ አካባቢ ባሕር ዛፍ ለምን እንደሚተከል ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥቂት ዓመት እንደቆየ ለአጣና ይሸጣል፣ ከግንባታ ተርፎ ማገዶ ሲሆንም የያዘው ካርቦን ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል።

ቡና ቆዪው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር የአጣናው ገዢ ከወዲሁ ዋጋ ጠይቆናል። እንግዲያው ክሬዲት ስንገዛ ምን እንይ?

መልስ (ኦዲተሩ)
አንድ ክሬዲት አንድ ቶን ነው። እንደ ቬራ ወይም ጎልድ ስታንዳርድ ባለ መዝገብ ላይ መለያ ቁጥር ያለው መሆኑንና እርስዎ ከገዙት በኋላ በድርጅትዎ ስም ከገበያ እንዲወጣ መደረጉን ያረጋግጡ፤ ይህ ካልተደረገ ያው ክሬዲት ለሌላ ሰው ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ሥራው ያለ ክሬዲቱ ገንዘብ ይሠራ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ በራሱ በጀት አስቀድሞ የተተከለ ደን ለእናንተ ጭስ ማካካሻ ሊሆን አይችልም። በርካሽ የሚቀርቡ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ክሬዲቶችንም በጥንቃቄ ይመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር ሰስተይነቢሊቲ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከሚገባቸው በአማካይ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ክሬዲት እንደተሰጣቸው አሳይቷል። ምድጃው ራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ ችግሩ ያለው አሰላሉ ላይ ነው።

መልስ (የሰበታ ነዋሪ)
ከመግዛታችሁ በፊት ናፍጣውን ብትቀንሱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የተቆጠበ ሊትር የመዝገብ ክርክር የለበትም፣ ገንዘቡም ኪሳችሁ ውስጥ ይቀራል። ለኤክስፖርት የሚሄደውን ኮንቴይነር እስከ ጅቡቲ በመኪና ከመላክ ይልቅ ከኢንዶዴ ጣቢያ በኤሌክትሪክ ባቡር መጫን ይቻል እንደሆነ አስተላላፊያችሁን ጠይቁት። ለሚዛኑ፣ ለመብራቱና ለቢሮው ብቻ ሲባል ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ባትሪና ኢንቨርተር ይተካዋል፤ መቁያው ብቻ በጄኔሬተር ይቀጥል።

ኦዲተሩ
በዚህ እስማማለሁ። ለደንበኛው በሚጽፉት ደብዳቤ የተቀነሰውን ሊትርና የተገዛውን ቶን አይደባልቁ፤ የነዳጅ ደረሰኞቹን ድምርና የክሬዲቶቹን መለያ ቁጥር ያያይዙለት። ባሕር ዛፉን መጥቀስ ከፈለጉ በተለየ አንቀጽ፣ ያለ ቶን ቁጥር ይጻፉት።