ሮም ላይ የልጅ ጋሪ የምንከራይበት መላ አጣን

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ልንሄድ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። ትንሹ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አራት። እሷ መራመዱን ትራመዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን "እዘሉኝ" ማለቷ አይቀርም።

ቤት ያለው ጋሪ ጎማው ትንንሽ ነው። በሮም የድንጋይ ንጣፍ ላይ መገፋቱን እንጃ። ስለዚህ ጎማው ተለቅ ያለ፣ ሁለት ልጅ የሚይዝ ጋሪ እዚያው ለመከራየት አሰብን። አንድ አከራይ አግኝተን በዋጋው ተስማምተን ነበር። ማስያዣውን ግን በክሬዲት ካርድ ካልሆነ አልቀበልም አለ። እኛ ደግሞ የለንም። በጥሬ ዩሮ እናስይዝ ብንለው ጭራሽ መልስ መስጠት አቆመ!

ሮም የምትኖሩ እህት ወንድሞች፣ ማስያዣ በጥሬ ገንዘብ የሚቀበል አከራይ ታውቃላችሁ? የምናርፈው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። ወይስ ያገለገለ ገዝቶ ሲመለሱ መሸጥ ይሻላል? ባለቤቴ ወደዚህኛው ያደላል፤ እኔ ግን በመጨረሻው ቀን ገዢ ፍለጋ መንከራተቱ ታየኝ።

ደግሞም ልጆቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ ሰፊ ነው። በአውቶቡስ በርና በድሮ ሕንፃ ሊፍት ይገባል? ወይስ ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠውን እንፈልግ? የሞከራችሁት ንገሩን።