የሐረጎን ዳገት ከብስክሌቴ ሳልወርድ ለመውጣት ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻው ጀማሪ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ አርባን ተሻግሯል። ያገለገለ ባለ 21 ማርሽ የተራራ ብስክሌት ገዝቼ እሑድ እሑድ ማለዳ እወጣለሁ። ወደ ሐርቡ ስሄድ ራሴን ከጎበዞች እቆጥራለሁ። ፊቴን ወደ ደሴ ሳዞር ግን ሐረጎ ልኬን ይነግረኛል። ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ጉልበቴን ሎሚው ላይ ያመኛል፤ ገና ጠመዝማዛው ሲጀምር ወርጄ መግፋት ነው። ከብት የሚጠብቁት ልጆች «አባባ፣ ማን ማንን ነው የሚነዳው?» እያሉ ይስቁብኛል። በዚያ ላይ ሰንሰለቱ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አልወጣም ይላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምኞቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልገፋ ደርሼ ደሴ ፒያሳ ቡና መጠጣት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ብስክሌት ጠጋኙ (ደሴ)
ጋሼ፣ ሳንባዎን ከመውቀስዎ በፊት ብስክሌቱን እንመርምር። ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ የተሠራው ለዳገት ነው፤ ሰንሰለቱ እሱ ላይ ካልወጣ 21 ማርሽ ስም ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የማርሹ ካቦ (ማርሽ ቀያሪውን የሚስበው ሽቦ) መርገብ ነው። ካቦው ከኋላ ማርሽ ቀያሪው ውስጥ በሚገባበት ቦታ በጣት የምትዞር ትንሽ ብሎን አለች። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው፣ ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ፣ ብሎኗን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር ያዙሯት። ካልበቃ ግማሽ ዙር ይጨምሩ። ቀያሪው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ግን አይንኳቸው። ሰንሰለቱ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ የሚገድቡት እነሱ ናቸው፤ ያለ ልክ ከላሉ ሰንሰለቱ ትልቁን ጥርስ አልፎ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል፣ ቀያሪውንም ይሰብረዋል።

የጉልበትዎ ሕመም ደግሞ ከኮርቻው ይመስለኛል። ሰው ሁሉ እግሩ መሬት እንዲነካለት ኮርቻውን ዝቅ ያስደርጋል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ብስክሌት በሙሉ ማለት ይቻላል እንዲያ ነው። ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርዎ ፊተኛው ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በጥቂቱ ብቻ ይታጠፋል። ሲቆሙ ከኮርቻው መውረድ ግድ ይሆንብዎታል፤ ይለመዳል።

መልስ፦ የሐይቅ ደንበኛ (ደሴ)
ወንድሜ፣ ካቦው ከተስተካከለ በኋላ ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት መቀየር ይልመዱ። እግር በሙሉ ኃይል እየረገጠ ሲቀየር ሰንሰለቱ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን አስይዘው እግርዎን ቶሎ ቶሎ ያዙሩ እንጂ ፔዳሉን አይታገሉት። በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም አይፈጥኑም፤ ይሁን።

የእኔ መንገድ የእርስዎ ተቃራኒ ነው። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሲሄዱ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ብስክሌት ጠባቂዋ እኔ ነኝ፤ የተጠበሰው ዓሣም ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀናል፣ ያውም በሞላ ሆድ። እርስዎ ዳገቱን በትኩስ ጉልበት ስለሚጨርሱት ዕድለኛ ነዎት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ሐረጎን ሲሸፍነው ግን ይተዉት።

መልስ፦ ጡረተኛው (ወልድያ)
እኔ ደግሞ ልቃወም። መግፋት ምን ነውር አለበት? ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ያንን ዕዳ ፈጠንክም ዘገየህ መክፈልህ አይቀርም፤ ሰው የሚወድቀው ሁሉንም በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ልክፈል ሲል ነው። መለኪያው ወሬ ነው። ከጎንህ ላለ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል። ብቻህን ከሆንክ በባቲ ቅኝት አንጎራጉር፤ ዜማው ከተቆረጠብህ ማርሽ ቀንስ።

ለስንቅ በማር የታሸ በሶ ያዝ። የሱቅ ብስኩት ጉሮሮ ከማድረቅ በቀር የሚፈይደው የለም። ረመዳንን የሚጾም ሰው ካለ ሐረጎን ለሌላ ወር ያቆየው።

ከርእሱ ትንሽ ልውጣና፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ሩጫውን ሁሉም ያወራል፤ ብስክሌቱን የሚያነሣ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የኮምቦልቻው ጀማሪ
ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ነገሩ ካቦው ነበር፤ ብሎኗን ሳዞራት ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ ጉብ አለ። ኮርቻው ከፍ ካለ ወዲህ ጉልበቴ ዝም ብሏል። ሁልጊዜ የምወርድበትን ጠመዝማዛ እንደ ተቀመጥኩ አለፍኩት! ልጆቹ እየጮኹ ከኋላዬ ሮጡ፤ አንዱማ ቀደመኝ፣ ይቅደም። ደሴ ግን አልደረስኩም፤ ከግማሽ ካለፍኩ በኋላ ውኃዬ አልቆ ተመለስኩ። አሁን ያስፈራኝ መውረዱ ነው። ባለ ተሳቢዎቹ ሲያልፉኝ ነፋሳቸው ይገፋኛል፤ ታች ስደርስ ደግሞ ፍሬኑ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።

መልስ፦ የተሳቢ ሹፌር (የጅቡቲ መስመር)
ወንድሜ፣ ከእኛ ወንበር ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ጭነት ይዞ ሐረጎን የሚወርድ መኪና በከባድ ማርሽ ታስሮ ነው የሚወርደው። ቀስ ያለ ስለሚመስል ልቅደመው ያሰኝሃል፤ አትሞክረው። በቀኝ በኩል ከጋቢናው ጎን ከሆንክ አላይህም። በመስታወቴ ውስጥ ፊቴ ካልታየህ እኔም አንተን አላየሁህም።

ዋናው ግን ይህ ነው። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ጋቢናው ባለፈበት አይሄዱም፤ ወደ ውስጥ፣ አንተ ወዳለህበት ዳር ይቆርጣሉ። ጋቢናው በሰላም አለፈኝ ስትል ተሳቢው ይመጣብሃል። ስትወጣም ሆነ ስትወርድ፣ ከኋላህ የከባድ መኪና ድምፅ ሰምተህ ከፊትህ የቀኝ ኩርባ ካለ፣ ኩርባው ሳይደርስ ከአስፋልቱ ወጥተህ አሳልፈን። ጆሮህ ላይ ሙዚቃ አታድርግ። ደማቅ ልብስ ልበስ፤ ጥቁር ጃኬት ማለዳ ላይ ከአስፋልቱ አይለይም። ክላክስ ስናደርግ ደግሞ መሳደባችን አይደለም፣ መምጣታችንን መንገራችን ነው።

መልስ፦ ብስክሌት ጠጋኙ (ደሴ)
ሽታው ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ይዘው ስለሚወርዱ ነው ጋሼ። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ሲፈትግ ሁለቱም ይግላሉ፤ ግለቱ ሲበዛ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ኩርባው ሳይደርስ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠበቅ አድርገው ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከዚያ ለቀቅ ያድርጉና ቸርኬው ይብረድ። የፊተኛው ፍሬን የበለጠ ኃይል አለው፤ ኩርባ ውስጥ ወይም አሸዋ ላይ በድንገት ከጨበጡት ግን ይጥላል። ቸርኬው ከረጠበ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም፤ በዝናብ ቀደም ብለው ይጀምሩ። ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ተበልተው ከጠፉ ይቀየር።

መልስ፦ የሐይቅ ደንበኛ (ደሴ)
ዳገቱ መሃል ጎሚስታ አይጠብቁ። ትርፍ ካላማዳሪና የእጅ ፓምፕ ይያዙ። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 26 በ1.95 የሚል ከሆነ ሻጩን ያንኑ ይጠይቁ፣ የአየሩም መጠን እዚያው አለ። ውኃውን ደግሞ ሁለት ጠርሙስ ያድርጉት።